ለቆየ ዴስክቶፕ፣ ለቆዩ ጌሞች፦ በጥቂት ብር የትኛው ግራፊክስ ካርድ ይሻላል?

ከቢሮ የወጣ ዴል ኦፕቲፕሌክስ 7010 ላይ ጂቲኤ 5 ሲቆራረጥ ብዙ ሰው ፕሮሰሰሩን ይወቅሳል። ጌሙ በ2015 ለፒሲ ሲወጣ ግን አዘጋጆቹ በይፋ የመከሩት የኢንቴል ፕሮሰሰር ኮር አይ5 3470 ነበር፤ በብዙ 7010 ውስጥ ያለውም እሱው ነው። የጎደለው እዚያው ዝርዝር ላይ የሰፈረው ካርድ ነው፦ 2 ጂቢ ሜሞሪ ያለው ጂቲኤክስ 660። በፕሮሰሰሩ ውስጥ የተቀመጠው ኤችዲ 2500 ግራፊክስ ለኤክሴልና ለፊልም ይበቃል፤ ለጂቲኤ 5ቷ ከተማ ለሎስ ሳንቶስ ጎዳናዎች ግን አቅም የለውም። በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ስለዚህ ካርድ መጨመር ዋጋ አለው። ችግሩ ያለው ምርጫው ላይ ነው፤ ብዙ ሰው "4 ጂቢ ነው" የሚለውን ብቻ ሰምቶ ገዝቶ፣ ካርዱ ከሳጥኑ ቁመት አልፎ፣ ወይም ከሞኒተሩ ጋር አልገናኝ ብሎ፣ ወይም ከድሮው ግራፊክስ ብዙም ሳይሻል ይቀራል። ውሳኔያችንን አስቀድመን እንናገር፤ ምክንያቱ ከታች ይከተላል። ኮምፒውተራችሁ ሙሉ ቁመት ያለው ታወር ከሆነ ያገለገለ ጂቲኤክስ 1050 ቲአይ ፈልጉ። ትንሹ ቀጭን ሳጥን ከሆነ ኳድሮ ፒ1000፣ ገንዘቡ ከደረሰ ደግሞ ቲ1000 ይሻላችኋል። ቪጂኤ ብቻ ያለው ሞኒተር ወይም ዊንዶውስ ኤክስፒ ላይ መቆየት ግድ ከሆነባችሁ ጂቲኤክስ 750 ቲአይ። ጂቲ 710ንና ባለ ዲዲአር3 ጂቲ 730ን ግን ለጌም ብላችሁ አትግዙ።

ካርዱን ከመጠየቅ በፊት ሳጥኑን ክፈቱ

መጀመሪያ ቁመቱ። ታወሩ ላይ ከኋላ ያለው የካርድ ክፍተት ወደ 12 ሴንቲሜትር ይደርሳል፤ ትንሹ ሳጥን ላይ 8 ሴንቲሜትር ገደማ ነው። ለትንሹ የሚሆነው ካርድ "ሎው ፕሮፋይል" ይባላል፤ ራሱ ካርዱ አጭር መሆን አለበት፣ ከዳር የሚታሰረው ብረትም እንዲሁ። ሻጩ አጭሩን ካርድ ከረጅም ብረት ጋር ከሸጠላችሁ ክዳኑ አይዘጋም። አጭሩ ብረት ለብቻው ገበያ ላይ በቀላሉ ስለማይገኝ፣ ከካርዱ ጋር መኖሩን ሳታዩ ብር አትክፈሉ።

ቀጥሎ ውፍረቱ። አንዳንድ ካርድ የአንድ ስሎት ቦታ ይይዛል፣ አንዳንዱ ሁለት። በትንንሾቹ ሳጥኖች ውስጥ ረጅሙ ስሎት ከፓወር ሰፕላዩ ጥግ የሚሆንበት ሞዴል አለ፤ እዚያ ላይ ሁለት ስሎት የሚይዝ ካርድ ጨርሶ አይገባም። ክዳኑን ከፍታችሁ፣ ከስሎቱ በታች ስንት ሴንቲሜትር እንዳለ በማስመሪያ ለኩ፤ ከኋላው ብረት እስከ ሃርድ ዲስኩ መቀመጫ ያለውንም ርዝመት ጻፉ። ፎቶ አንስታችሁ ስልካችሁ ላይ ብትይዙ ሱቅ ውስጥ ክርክሩ ያጥራል።

ከዚያ ኃይሉ ይመጣል፤ ይህ ሰፋ አድርገን የምናየው ጉዳይ ነው። የኦፕቲፕሌክስ 7010 ትንሹ ሳጥን 240 ዋት፣ ታወሩ 275 ዋት ፓወር ሰፕላይ ይዞ ይመጣል። 7020 እና 9020 ላይ 255 እና 290 ነው። የ3050 ትንሹ 180 ዋት ብቻ ነው። የኤችፒ ኢሊትዴስክ 800 ጂ1 ትንሹ 240፣ ታወሩ 320። በአብዛኞቹ ውስጥ ለግራፊክስ ካርድ የተዘጋጀ ባለ 6 ወይም ባለ 8 ፒን ገመድ የለም። ካርዱ ሊያገኝ የሚችለው ከስሎቱ የሚወጣውን ብቻ ነው፤ የስሎቱ ጣሪያ ደግሞ 75 ዋት ነው። በትንንሽ ሳጥኖች ላይ አምራቹ ከዚያም ዝቅ ያለ ጣሪያ የሚያስቀምጥበት ሞዴል ስላለ፣ ከአምራቹ ድረ ገጽ ላይ የሞዴላችሁን መመሪያ አውርዳችሁ የካርድ ዋት የሚለውን መስመር ፈልጉ።

"ገመድ ከሌለ ከሃርድ ዲስኩ የሳታ ገመድ በአስማሚ እናወጣለን" የሚል ባለሙያ ካጋጠማችሁ እምቢ በሉ። አንድ የሳታ ኃይል መሰኪያ በ12 ቮልት በኩል የሚሸከመው 4.5 አምፒር ነው፤ ይህ 54 ዋት ይሆናል። ባለ 6 ፒኑ የካርድ መሰኪያ ግን እስከ 75 ዋት እንዲሰጥ የተሠራ ነው። ካርዱ ሙሉ ኃይሉን ሲጠይቅ የሳታው ፕላስቲክ ይግላል፣ ይለሰልሳል፣ ውስጡ ያሉት ፒኖች ሲነካኩ ይቃጠላል። ጥፋቱ የሚመጣው ቀስ ብሎ ስለሆነ፣ በመጀመሪያው ቀን ምንም ችግር አለመታየቱ ማስተማመኛ አይደለም።

ፓወር ሰፕላዩን መቀየርስ? ታወር ላይ ይቻላል፣ ግን ሞዴሉን እዩ። 7010 መደበኛውን ባለ 24 ፒን ገመድ ይቀበላል። 3020፣ 7020 እና 9020 ማዘርቦርዳቸው ላይ ያለው መሰኪያ ባለ 8 ፒን የዴል የራሱ ነው፤ ከ24 ወደ 8 የሚቀይር ገመድ ያስፈልጋል። ኢሊትዴስክ 800 ጂ1 ደግሞ ባለ 6 ፒን የኤችፒ የራሱን ይጠቀማል። ትንንሾቹ ሳጥኖች የፓወር ሰፕላያቸው ቅርጽ ራሱ የተለየ ስለሆነ እዚያ ሐሳቡን ተዉት።

ሞኒተራችሁ ምን መሰኪያ አለው?

እዚህ ላይ ብዙ ሰው ገንዘቡን ያባክናል። ከቢሮ የሚወጡት ባለ 17 እና ባለ 19 ኢንች ሞኒተሮች አብዛኞቹ ሰማያዊውን ቪጂኤ ይዘዋል። ከጂቲ 1030 እና ከጂቲኤክስ 1050 ጀምሮ ያሉት የኤንቪዲያ ካርዶች ግን የአናሎግ ምልክት አያወጡም፤ ቪጂኤ የሚፈልገው ደግሞ እሱን ነው። ካርዱ ላይ ዲቪአይ መሰኪያ መኖሩም አያድንም። መሰኪያውን ቀረብ ብላችሁ እዩት፦ ከጠፍጣፋዋ ክፍተት ላይና ታች አራት ትንንሽ ቀዳዳዎች ካሉ ዲቪአይ-አይ ነው፤ በርካሿ የቪጂኤ መቀየሪያ ይሠራል። ጠፍጣፋዋ ክፍተት ብቻዋን ከሆነች ዲቪአይ-ዲ ነው፤ ርካሿ መቀየሪያ አትገባም፣ ፒኖቿን ሰብረው ቢያስገቧትም ምስል አታወጣም።

መፍትሔው ከኤችዲኤምአይ ወደ ቪጂኤ የሚቀይር፣ በውስጡ ቺፕ ያለው መቀየሪያ ነው። አቅጣጫውን አደራ፤ ከቪጂኤ ወደ ኤችዲኤምአይ የሚቀይረውም በመልክ ይመሳሰላል፣ በተቃራኒው ግን አይሠራም። ኳድሮዎቹ ከሆኑ መሰኪያቸው ትንሿ ሚኒ ዲስፕሌይፖርት ስለሆነች የመቀየሪያውን ዋጋ ከካርዱ ዋጋ ላይ ደምሩ። ሁለት መቀየሪያ እየቀጣጠሉ ከሚኒ ዲስፕሌይፖርት ወደ ኤችዲኤምአይ፣ ከዚያ ወደ ቪጂኤ መሄድ ምስሉ እየጠፋ እየመጣ ያስቸግራል፤ በቀጥታ የሚቀይረውን አንድ ዕቃ ግዙ።

ሞኒተሩ ሌላም ነገር ይወስናል። 1366 በ768 የሆነ ስክሪን ወደ 1.05 ሚሊዮን ነጥብ አለው፤ 1920 በ1080 የሆነው ወደ 2.07 ሚሊዮን። ማለትም ካርዱ በትንሹ ስክሪን ላይ የሚሠራው ሥራ ግማሽ ያህል ነው። ሰዎች በኢንተርኔት የሚያዩት የፍጥነት ሙከራ አብዛኛው በ1080 የተሠራ ስለሆነ፣ በ768 ስክሪን የሚጫወት ሰው ከዚያ የተሻለ ውጤት ያገኛል። ሞኒተር ለመቀየር ሐሳብ ከሌላችሁ ከ1050 ቲአይ በላይ መውጣት ገንዘብ ማፍሰስ ነው።

ስሙ አንድ፣ ዕቃው ሌላ

ሱቅ ላይ መጀመሪያ የሚጠየቀው "ስንት ጂቢ ነው?" ነው። ለጌም ከጂቢው በፊት የሚጠየቀው የሜሞሪው ዓይነት ነው፦ ዲዲአር3፣ ዲዲአር4፣ ጂዲዲአር5 ወይስ ጂዲዲአር6? ትልቅ ሮቶ በቀጭን ቧንቧ ቢወርድ ባልዲው ቶሎ አይሞላም፤ 4 ጂቢ ዲዲአር3 ያለው ካርድ እንዲሁ ነው።

በቁጥር እንየው። ጂቲ 710 በዲዲአር3 ከሜሞሪው የሚያመላልሰው 14.4 ጊጋባይት በሰከንድ ገደማ ነው፤ ባለ 64 ቢት ዲዲአር3 የሆነው ጂቲ 730ም ያው ነው። ኮምፒውተራችሁ ላይ ሁለት የ1600 ዲዲአር3 ራም በጥንድ ቢሰካ ግን የሲስተሙ ሜሞሪ ብቻውን 25.6 ይደርሳል። ይህን ፕሮሰሰሩና ውስጠኛው ግራፊክስ ይካፈሉታል፤ ቢሆንም ብዙ ሰው ከፍሎ የሚገዛው ካርድ ከነበረው ያን ያህል የማይሻልበት ምክንያት እዚህ ላይ ይታያል። አራተኛው ትውልድ ፕሮሰሰር፣ ለምሳሌ አይ5 4570፣ ይዞት የሚመጣው ኤችዲ 4600 ከሆነማ ጂቲ 710 መጨመሩ ትርጉም የለውም።

ጂቲ 730 በሦስት መልክ ይሸጣል፤ ሁለቱ ዲዲአር3 ናቸው፣ አንዱ ደግሞ ባለ 96 ኮር (ኮር ማለት ምስሉን የሚያሰሉት የቺፑ ትንንሽ ክፍሎች ናቸው)፣ ፈርሚ የተባለው የድሮ ትውልድ ቺፕ ነው። ጂዲዲአር5 የሆነው ሦስተኛው ብቻ ነው ለጨዋታ የሚታሰበው። ጂቲ 1030 ደግሞ የበለጠ ያሳስታል። በ2017 የወጣው ባለ ጂዲዲአር5 ሲሆን 48 ጊጋባይት በሰከንድ ያመላልሳል። በ2018 በዚያው ስም የወጣው ባለ ዲዲአር4 ግን 16.8 ብቻ ነው። ካርቶኑ፣ ማራገቢያው፣ ስሙ አንድ ነው፤ በጨዋታ ላይ ያለው ልዩነት ግን ሰፊ ነው። ካርቶኑ ጠርዝ ላይ በትንሹ የተጻፈውን አንብቡ፣ ካርቶን ከሌለ ጂፒዩ-ዚ በተባለው ነፃ ፕሮግራም ላይ የሜሞሪ ዓይነት የሚለውን መስመር እዩ።

በኤኤምዲ በኩልም አለ። አርኤክስ 560 ባለ 1024 ኮርም ባለ 896 ኮርም ሆኖ ተሸጧል። "አርኤክስ 580 2048 ኤስፒ" የሚለው ደግሞ በኮር ብዛቱ አርኤክስ 570 ነው፤ እውነተኛው 580 ባለ 2304 ኮር ነው። ዕቃው መጥፎ ሆኖ ሳይሆን የ580 ዋጋ ሊከፈልበት ስለማይገባ ነው የምንጠቅሰው።

ካርዶቹ እርስ በርስ ሲነጻጸሩ

ጂቲኤክስ 750 ቲአይ በ2014 የወጣ፣ ባለ 640 ኮር፣ 2 ጂቢ ጂዲዲአር5፣ 86.4 ጊጋባይት በሰከንድ፣ 60 ዋት የሚወስድ ካርድ ነው። ዕድሜው ገፍቷል፤ ይሁን እንጂ ሁለት ነገር ዛሬም ያስፈልጋል ያሰኙታል። ብዙዎቹ ላይ ዲቪአይ-አይ ወይም ቪጂኤ አለ፣ ስለዚህ መቀየሪያ ሳይገዛ ከድሮ ሞኒተር ጋር ይገናኛል። ለዊንዶውስ ኤክስፒም ድራይቨር ካላቸው የመጨረሻዎቹ ካርዶች አንዱ ነው፤ 1050 ይህ የለውም። ኤክስፒ ላይ ብቻ በደንብ የሚሄዱ ጌሞችን ለሚያስቀምጥ ሰው ከዚህ የተሻለ ርካሽ ምርጫ የለም።

ጂቲኤክስ 1050 ቲአይ በ2016 መጨረሻ ወጣ፦ 768 ኮር፣ 4 ጂቢ፣ 112 ጊጋባይት በሰከንድ፣ 75 ዋት። ተጨማሪ የኃይል ገመድ የማይጠይቀው ብዙ ነው፤ አንዳንድ አምራቾች ባለ 6 ፒን ያደረጉት ስላለ ግን ጠርዙን እዩ። ወንድሙ ተራው 1050 ባለ 640 ኮርና 2 ጂቢ ነው። የዋጋው ልዩነት ጥቂት ከሆነ ቲአዩን ውሰዱ፤ ጂቲኤ 5 የምስል ጥራቱ ከፍ ሲል 2 ጂቢውን በቀላሉ ይሞላል፣ ሜሞሪ ሲሞላ ደግሞ ምስሉ በየጥቂት ሰከንዱ ቀጥ እያለ ይሄዳል። ባለ ጂዲዲአር5 ጂቲ 1030 ባለ 384 ኮር ነው፤ ልክ የ1050 ቲአይ ግማሽ፣ የሜሞሪው ፍጥነትም ከግማሽ ያነሰ። ስለዚህ ደንቡ ቀላል ነው፦ ዋጋው ከ1050 ቲአይ ግማሽ ካለፈ ተዉት። የሚመረጠው 30 ዋት ብቻ ስለሚወስድ ባለ 180 ዋቱ ሳጥን ውስጥ ሲሆን ነው።

ጂቲኤክስ 1650 በ2019 ወጣ፣ 896 ኮር፣ 4 ጂቢ። የመጀመሪያው በጂዲዲአር5 128 ጊጋባይት በሰከንድ፣ በ2020 የተጨመረው በጂዲዲአር6 192። ከእነዚህ ሁሉ የተሻለ ነው፤ ቺፑ አዲስ ትውልድ ስለሆነ በ1050 ቲአይ ላይ ያለውን ብልጫ የኮሩ ቁጥር ብቻ አይናገረውም። ሎው ፕሮፋይሉ ግን አብዛኛውን ጊዜ ሁለት ስሎት ይይዛል።

ለትንሽ ሳጥን ኳድሮዎቹን አትናቁ። ሰዎች "የዲዛይን ካርድ ነው፣ ጌም አይሠራም" ብለው ይተዉታል፤ ሐሰት ነው። ፒ1000 ባለ 640 ኮር፣ 4 ጂቢ ጂዲዲአር5፣ አንድ ስሎት፣ ሎው ፕሮፋይል፣ 47 ዋት ነው፤ ከተራው 1050 ጋር አንድ ዓይነት ቺፕ ነው፣ ፍጥነቱ ዝቅ ያለ ብቻ። ፒ620 ባለ 512 ኮርና 2 ጂቢ ነው፣ ርካሽ ከሆነ ጥሩ። ቲ1000 ደግሞ እንደ 1650 ባለ 896 ኮር ሆኖ በ50 ዋትና በአንድ ስሎት ይገባል፤ ለኦፕቲፕሌክስ ትንሽ ሳጥን ከዚህ የተመቸ የኤንቪዲያ ካርድ በዚህ የዋጋ መደብ አናውቅም። ኬ620ን ግን ከእነዚህ ጋር አትደባልቁት፤ ዲዲአር3 ነው፣ 29 ጊጋባይት በሰከንድ።

አሜሪካ ወይም ዱባይ ያለ ዘመድ ሻንጣ ውስጥ የሚይዝላችሁ ከሆነ በዚያ ያገለገሉ ፒ1000 እና ቲ1000 ከቢሮ ኮምፒውተሮች ስለሚወጡ በብዛት ይገኛሉ። ሲገዛላችሁ አጭሩ ብረት የተገጠመበት መሆኑን በፎቶ አስረግጡ፣ የሚኒ ዲስፕሌይፖርቱን መቀየሪያም አብሮ ይያዝ።

አርኤክስ 6400 በወረቀት ላይ ለትንሽ ሳጥን የተፈጠረ ይመስላል፦ 53 ዋት፣ 4 ጂቢ፣ አንድ ስሎት። ድክመቱ ከማዘርቦርዱ ጋር የሚገናኝበት መስመር ነው። ካርዱ የሚጠቀመው አራት መስመር ብቻ ሲሆን በፒሲአይ ኤክስፕረስ 4፣ ማለትም በካርድ ስሎቱ አራተኛ ትውልድ ላይ፣ ጉዳቱ አይታይም። የስሎቱ ሦስተኛ ትውልድ ባለበት ማዘርቦርድ 4 ጊጋባይት በሰከንድ ገደማ ይደርሰዋል፤ በሁለተኛው፣ ለምሳሌ ሁለተኛ ትውልድ ኮር አይ5 ባለበት ኦፕቲፕሌክስ 790 ላይ፣ 2 ብቻ። ሜሞሪው እስካልሞላ ችግር የለም፤ ሲሞላ ግን ጌሙ ይንቀረፈፋል። በቆዩ ጌሞች 4 ጂቢውን ሳትሞሉ መጫወት ስለሚቻል ካርዱ ከጨዋታ ውጭ አይደለም፣ ግን ከቲ1000 በግልጽ ካልረከሰ አንመርጠውም።

ፓወር ሰፕላይ ለቀየሩ ሰዎች አርኤክስ 570 በገንዘቡ ልክ ብዙ የሚሰጥ ነው፦ 2048 ኮር፣ 224 ጊጋባይት በሰከንድ። 150 ዋት ይወስዳል፣ 450 ዋት የሆነ እውነተኛ ፓወር ሰፕላይና ባለ 8 ፒን ገመድ ይፈልጋል። አንድ ነገር ይታሰብ፤ በዳይሬክት ኤክስ 11 (ጌሙ ከካርዱ ጋር የሚነጋገርበት የዊንዶውስ ሶፍትዌር) በሚሠሩ ጌሞች ላይ የዚህ ትውልድ የኤኤምዲ ድራይቨር ከኤንቪዲያው ይልቅ ፕሮሰሰሩን ያደክማል፣ ስለዚህ በአይ5 3470 ላይ ካርዱ ያለውን ሁሉ አይሰጥም። ባለ 6 ጂቢው ጂቲኤክስ 1060 በተመሳሳይ ዋጋ ከተገኘ፣ 120 ዋት ብቻ ስለሚወስድ፣ ለእንዲህ ዓይነት ማሽን እሱ ይሻላል።

አዲስና ርካሽ ብለው የኢንቴል አርክ ኤ310 ወይም ኤ380 የሚያቀርቡላችሁም ይኖራሉ። ለሦስተኛና ለአራተኛ ትውልድ ኮምፒውተር አይሆኑም። አርክ በሙሉ አቅሙ የሚሠራው ሪሳይዘብል ባር የተባለው የማዘርቦርድ አገልግሎት ሲኖር ነው፤ እነዚህ ማሽኖች ደግሞ የላቸውም። ዳይሬክት ኤክስ 9 ጌሞችንም በትርጉም ንብርብር እንጂ በቀጥታ አያስኬድም፤ የቆዩ ጌሞች አብዛኞቹ እዚያ ናቸው።

ስለ ድራይቨር ዕድሜ ባጭሩ፦ የኬፕለር ትውልድ፣ ማለትም ጂቲኤክስ 650፣ 660፣ 760 እና መሰሎቻቸው፣ የጌም ድራይቨር ድጋፋቸው በ2021 አልቋል። 750 ቲአይ ያለበት ትውልድና 1050 ቲአይ እና ፒ1000 ያሉበት ትውልድ የመጨረሻውን የጌም ድራይቨር ያገኙት በጥቅምት 2025 ነው። 1650 እና ቲ1000 ገና ድጋፍ ላይ ናቸው። በ2015 ለወጣ ጌም ይህ ብዙ አያሳስብም፤ አዲስ ጌም አልፎ አልፎ ልትሞክሩ ካሰባችሁ ግን ሚዛኑን ወደ 1650 ይጎትተዋል።

የምትጫወቱት ጌም ምን ይፈልጋል?

ሳን አንድሪያስ፣ ካውንተር ስትራይክ 1.6፣ የ2005ቱ ኒድ ፎር ስፒድ ሞስት ዎንትድ፣ ፔስ 2013፤ ለእነዚህ ካርድ ከመግዛት በፊት ሁለተኛ ራም ግዙ። አንድ ባለ 8 ጂቢ ራም ብቻ ከተሰካ ውስጠኛው ግራፊክስ የሚያገኘው የሜሞሪ ፍጥነት ግማሽ ነው። እንደ አንደኛው ያለ ሁለተኛ ራም፣ ቀለሙ አንድ የሆነው ቀዳዳ ላይ ሲሰካ፣ በጥቂት ብር ጌሙ ይፍታታል።

ስካይሪም፣ ፋር ክራይ 3፣ ፊፋ 14 የመሳሰሉት በ768 ስክሪን ላይ በባለ ጂዲዲአር5 ጂቲ 1030፣ በ1080 ደግሞ በ750 ቲአይ ይሄዳሉ። ጂቲኤ 5፣ ፊፋ 17 እና ከዚያ ወዲህ ያሉት፣ ዊቸር 3 ሲመጡ 1050 ቲአይ መነሻው ነው። ዊቸር 3 ዝቅተኛ ብሎ የጠየቀው ጂቲኤክስ 660፣ የመከረው 770 ነበር፤ በ1050 ቲአይ ላይ ጥራቱን መካከለኛ አድርጎ፣ ፀጉር የሚያሳምረውን ሄርዎርክስ አጥፍቶ መጫወት ነው።

የሚጎድላችሁ ካርድ ይሁን ፕሮሰሰር ካላወቃችሁ፣ አሁን ባለው ግራፊክስ ጌሙን ከፍታችሁ ሪዞሉሽኑን ወደ 800 በ600 አውርዱት። ፍሬሙ፣ ማለትም በሰከንድ የሚታየው የምስል ብዛት፣ በደንብ ከጨመረ ካርድ ይጠቅማችኋል። ምንም ካልጨመረ የያዛችሁ ፕሮሰሰሩ ነው፤ ኮር 2 ዱዎ ላይ ጂቲኤ 5 ይህን ያሳያል፣ የትኛውም ካርድ አያድነውም።

ሱቅ ላይ

መርካቶም ሆነ በቴሌግራም ከሚሸጥ ሰው ስትገዙ ጂፒዩ-ዚንና ካርዱን በሙሉ አቅሙ አስጨንቆ የሚፈትነውን ፈርማርክን በፍላሽ ይዛችሁ ሂዱ። ገበያው ላይ "1050 ቲአይ 4 ጂቢ" ተብለው የሚሸጡ፣ በእውነቱ የ2010 እና የ2011 ካርዶች የሆኑ፣ ጂቲኤስ 450 እና ጂቲኤክስ 550 ቲአይ ስማቸው በሶፍትዌር የተቀየረ አሉ። ዊንዶውስ ተታሎ የውሸቱን ስም ያነባል። ጂፒዩ-ዚ ግን ቺፑን ራሱን ስለሚመረምር በስሙ ፊት ፌክ ብሎ ይጽፋል። ያለ ኮምፒውተርም የሚለይበት አለ፦ 1050 ቲአይ የተባለ ካርድ ላይ ሰማያዊ ቪጂኤ ካያችሁ ውሸት ነው፣ ቺፑ አናሎግ አያወጣምና።

ከዚያ ፈርማርክን ለ10 ደቂቃ አስኪዱ፣ የጂፒዩ-ዚን የሴንሰር ገጽ ከጎኑ ክፈቱ። ሙቀቱ ወጥቶ ከ80 ዲግሪ በታች ከረጋ ጥሩ ነው። እስከ 90 እየገሰገሰ ከሄደ ቢያንስ ከቺፑ ሙቀት የሚያስተላልፈው ፔስት ደርቋል፤ ዋጋ ለማስቀነስ ይበቃል። ስክሪኑ ላይ ባለ ቀለም ነጠብጣብ ወይም መስመር ከታየ ሜሞሪው ተጎድቷል፤ "ድራይቨሩ ነው" ቢሏችሁም ተዉት። ማራገቢያውን ካጠፋችሁ በኋላ በጣት ዳሰስ አድርጉት፤ ወደ ጎን የሚወላገድ ከሆነ መሽከርከሪያው አልቋል። የካርዱን ወርቃማ ጥርሶች ብርሃን ላይ አይታችሁ የተቃጠለ ወይም የተፋቀ ካለ አትውሰዱ።

አርኤክስ 570፣ 580 እና ጂቲኤክስ 1060 ብዙዎቹ ክሪፕቶ ማይኒንግ ላይ የዋሉ ናቸው። ያ ብቻውን አያስጥልም፤ የሚያሰጋው ባዮሳቸው (ካርዱ ውስጥ ያለው የማስነሻ ሶፍትዌር) ለማይኒንግ ተቀይሮ ከነበረና ሳይመለስ ከተሸጠ ነው። ፒ106-100 የሚባለው የ1060 የማይኒንግ ወንድም ደግሞ የምስል መሰኪያ ስለሌለው ለእናንተ አይሆንም።

ሲገጠም

ቅደም ተከተሉ እንዲህ ይሁን። ካርዱን ከመንካታችሁ በፊት፣ አሮጌው ግራፊክስ እየሠራ ሳለ፣ የማዘርቦርዱን ባዮስ ከአምራቹ ገጽ አውርዳችሁ አድሱ፤ መብራት መሃል ላይ እንዳይጠፋ በዩፒኤስ አድርጉት፣ በመሃል የተቋረጠ የባዮስ እድሳት ማዘርቦርዱን ይገድላልና። ለአዳዲሶቹ ካርዶች የማስነሻውን ዘዴ ከሌጋሲ ወደ ዩኢኤፍአይ መቀየር ሊያስፈልግ ይችላል። ዊንዶውሱ ኤምቢአር በተባለው የድሮ የዲስክ አከፋፈል ከተጫነ በዚህ ለውጥ አይነሳም፤ መጀመሪያ ዊንዶውስ 10 ውስጥ ባለው ኤምቢአር2ጂፒቲ ቀይሩት፣ ከዚያ ባዮሱን።

የድሮ የካርድ ድራይቨር ካለ ሴፍ ሞድ ገብታችሁ ዲዲዩ በተባለው ድራይቨር ጠራርጎ የሚያወጣ ፕሮግራም አጽዱ። ኮምፒውተሩን አጥፉ፣ ገመዱን ከግድግዳው ንቀሉ፣ የማብሪያውን ቁልፍ ተጭናችሁ የቀረውን ኃይል አስወጡ፣ የሳጥኑን ብረት ንኩ። ካርዱ ረጅሙ ስሎት ላይ ቀጥ ብሎ ይግባ፣ መቆለፊያው ቀጭ እስኪል። ሞኒተሩን ካርዱ ላይ ሰኩት፤ ማዘርቦርዱ ላይ ትቶ "ካርዱ አይሠራም" ማለት በጣም የተለመደ ነው። ምስል ከሌለ ካርዱን አውጥታችሁ ጥርሱን በንጹሕ ላጲስ ቀስ ብላችሁ ጠርጉና እንደገና ሰኩ፣ ቀጥሎ መቀየሪያውን ተጠራጠሩ። በጂፒዩ-ዚ ላይ ባለ 16 መስመር የሆነው ካርድ በ8 ወይም በ4 እየሠራ ከታየም መድኃኒቱ ያው ማጽዳት ነው፤ ጂቲ 1030 እና አርኤክስ 6400 ግን ሲፈጠሩም ባለ 4 ስለሆኑ አትደንግጡ።

ጨዋታ መሃል ኮምፒውተሩ ድንገት ጠፍቶ የሚነሳ ከሆነ ፓወር ሰፕላዩ አልቻለም ማለት ነው። ከውስጡ አቧራውን አስወጡ፤ ካልተሻለው ዝቅ ያለ ዋት ወዳለው ካርድ መውረድ እንጂ ትግል አያስፈልግም።

በ2011ዱ ስካይሪም ላይ ፍሬሙ ከ60 ሲያልፍ ዕቃዎች ብቻቸውን ይወራጫሉ፤ ሳን አንድሪያስም የፍሬም ገደቡ ሲነሳ ጉድለት ያሳያል። ፍሬሙን ከሞኒተሩ ፍጥነት ጋር የሚያስተካክለውን ቪሲንክን አብርታችሁ በ60 ያዙት፣ ካርዱም ይቀዘቅዛል። ጂቲኤ 4 ደግሞ አዲስ ካርድ ላይ እንኳ ሲንተፋተፍ የጌሙን ዳይሬክት ኤክስ ቩልካን ወደተባለው አዲስ አሠራር የሚተረጉመውን ዲኤክስቪኬ የሚባል ነፃ ሶፍትዌር ሞክሩ፦ ባለ 32 ቢቱን የዲ3ዲ9 ፋይል ጌሙ የሚነሳበት ፎልደር ውስጥ መገልበጥ ነው። 750 ቲአይና ከዚያ በላይ ያላችሁ አዲሱን እትም መጠቀም ትችላላችሁ፤ እንደ ጂቲኤክስ 660 ያለ የኬፕለር ካርድ ላይ ግን አዲሱ አይነሳም፣ 1.10.3 የተባለውን እትም አውርዱ።